ባለ ጠባሳውን ማን ፈውሺ አለሽ

በዚያ ቤት እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰው ካርታ ይጫወታል፤ አባት፣ ሴት ልጅና ወንድ ልጅ። ጨዋታው እርስ በርስ የሚበላሉበት አይደለም። ሦስቱም በአንድ ወገን ይሰለፋሉ፤ በሌላው ወገን ማንም የለም፤ ያለው በደንብ የተበወዘ የጠላት ካርታ ክምር ብቻ ነው። ከክምሩ እየተገለጠ የሚወጣው ጭራቅ፣ የሚደረመሰው ድልድይ፣ ዓይን የሚያጠፋው የአመድ ዝናብ ሁሉ ሦስቱንም ይመታል። ካሸነፉ አብረው ያሸንፋሉ፤ ከተሸነፉም አብረው ይሸነፋሉ። ሲሸነፉ ከርመዋል።

ሴቷ መስታወት ቆራጭ ናት። የመስኮትና የመታጠቢያ ቤት መስታወት የሚቆረጥበት ሱቅ ውስጥ ከኋላ፣ ሲሚንቶ ወለል ባለው ክፍል ትሠራለች። አባቷ "ቆራጭ ሆንሽ እንጂ ቆራጥ አልሆንሽም" እያሉ ይቀልዱባታል፤ እምቢ ማለት አታውቅም ለማለት ነው። ቀልዱ ስም ሆኖ ቀረና ቤት ውስጥ ሁሉም "ቆራጯ" ይላታል።

ታናሽ ወንድሟ መኪና መንዳት ያስተምራል። ቀኑን ሙሉ ከተማሪው ጎን ተቀምጦ በእሱ በኩል የተገጠመውን ፍሬን ሲረግጥ ይውላል፤ ካርታ እጁ ከገባ ግን ፍሬን የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩን ይረሳል። እሱም ስሙ "ፍሬኑ" ሆነ። ጀግናው ባለ ሁለት ሰይፍ ነው፤ በር ሲከፈት ማን እንዳለበት ሳያይ ዘሎ ይገባል፤ ከዚያ ነፍሱ አፍንጫው ላይ ስትደርስ "እታለም፣ አለሁ በይኝ" ይላል።

አባታቸው ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ከጥቂት ዓመት ወዲህ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ድምፃቸውም ወርዷል፤ ንግግራቸው ዳገት እንደሚወጣ የተጫነ መኪና በየመሀሉ እየቆመ ነው የሚሄደው። ሐኪሙ ጣታቸውንም ሐሳባቸውንም የሚያሠራ ነገር ይኑራቸው ሲል፣ ፍሬኑ ልጆቹ የሰለቹትን ጨዋታ ከነሳጥኑ ይዞላቸው መጣ። ሽማግሌው መጀመሪያ ላይ የሕፃን ነገር ነው ብለው ፊታቸውን አዞሩ፤ በሦስተኛው እሑድ ግን ልጆቻቸው እስኪመጡ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ አንስተው ይጠብቁ ጀመር።

የጨዋታው የመጨረሻ ምዕራፍ የአመዱ ንጉሥ ነው። እዚያ መድረስ ይደርሳሉ፤ ከዚያ ማለፍ ግን አልሆነም። ንጉሡ ሁልጊዜ መጀመሪያ ፍሬኑን ይገድላል፤ ቀጥሎ አባታቸውን፤ በመጨረሻ ብቻዋን የቀረችውን ቆራጯን አስቀምጦ እንደፈለገ ይጫወትባታል። አንድ እሑድ እንደዚያው ድባቅ ተመትተው ካርታውን ሲሰበስቡ፣ ፍሬኑ ችግሩን ያገኘው መሰለው። ሦስታችንም አጥቂ ሆነን ነው የምንሞተው አለ፤ አንድ ሰው ሙሉ በሙሉ ደጋፊ መሆን አለበት፤ የሚፈውስ፣ የሚከልል፣ ስንቅ የሚያቀብል። ይኼን ሲል የሚያየው እህቱን ነበር።

ቆራጯ ዘንድሮ እንኳን እሳት ጠሪዋን እጫወታለሁ ብላ አስባ ነበር። እሳት ጠሪዋ ፀጉሯ የሚነድ፣ በአንድ እጇ ግንብ የምታፈርስ ሴት ናት፤ ቆራጯ ሥዕሏን ባየች ቁጥር ደስ ይላታል። ለምን እኔ ብላ ልትጠይቅም አፏን ከፍታ ነበር። ግን አባቷ ደክሟቸው ዓይናቸውን ከድነው አየች፤ ፍሬኑም ጃኬቱን እየለበሰ ነው፤ እሺ አለች። እሺ ብላ በሩ ላይ ስትደርስ በራሷ ተናደደች።

እያንዳንዱ ተጫዋች ከትልቁ ሳጥን ውስጥ አርባ ካርታ መርጦ የራሱን ጥቅል ይሠራል፤ ሲጫወት የሚመዘው ከዚያ ብቻ ነው። የአጥቂ ጥቅል መሥራት ቀላል ነው፤ የሚመታ የሚመታውን ትሰበስባለህ። የደጋፊ ጥቅል ግን የሌላውን ሰው ጥፋት ቀድሞ ማወቅ ይፈልጋል። ቆራጯ ሳጥኑን ቤቷ ወስዳ ከሥራ ስትመለስ ምንጣፉ ላይ አንሶላ አንጥፋ ካርታውን ደረደረች። እዚህ ፈውስ፣ እዚህ መከታ፣ እዚህ ስንቅ። ካርታ ለማውጣት ስንቅ ይከፈላል፤ ስንቅ ካበዛች የምትፈውስበት ታጣለች፤ ፈውስ ካበዛች የምትከፍለው የላትም፤ ሁለቱን ካመጣጠነች ደግሞ መከታው ይሳሳል። አንዱን ስትስብ ሌላው ጎን ይገለጣል፤ አጭር ብርድ ልብስ ነው።

ይባስ ብሎ ዋናው ፈውስ፣ "የምንጭ ውኃ" የሚባለው፣ በሳጥኑ ውስጥ አልነበረም። ያሉት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሦስቱንም ፍሬኑ በራሱ ጥቅል ውስጥ ወሽቋቸዋል። ስልክ ደወለችለት። እነሱን ለማንም አልሰጥም አለ። ለማን ላፈሰው ኖሯል፣ ለአንተ አይደል ወይ ብትለው፣ አንቺ እስክታፈሺ እኔ ሞቼ እቀበራለሁ ብሎ ዘጋባት።

በማግሥቱ የምሳ ሰዓቷን ትታ ወደ መለማመጃው ሜዳ ሄደች። ፍሬኑ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል፤ ከጎኑ አንዲት ተማሪ መሪውን አንቃ ይዛ፣ በፕላስቲክ ምልክቶቹ መካከል ወደ ኋላ ለመግባት ትታገላለች። ቆራጯ ከአጥሩ ሥር ፀሐይ ላይ ቆማ ጠበቀች። ተማሪዋ አንዱን ምልክት ገጨች፤ ሁለተኛውን ገጨች፤ ሦስተኛው ጋ ስትደርስ መኪናው ተንቀጥቅጦ ጠፋ። ፍሬኑ ግን ቁጣ የሚባል አልወጣውም፤ በለሰለሰ ድምፅ አይዞሽ፣ ቸኩለሽ ነው፣ መጀመሪያ ዙሪያሽን እዪ ይላታል። ቆራጯ ይኼን ስትሰማ ሳቋም ብስጭቷም እኩል መጣባት። በመጨረሻ በመስኮቱ ሁለት ካርታ አቀበላት። ሦስተኛውስ ስትለው መስታወቱን ዘጋ።

ጥቅሉን ለመፈተን ማታ ማታ ብቻዋን ሦስት ሰው ሆና ተጫወተች። በፍሬኑ ቦታ ስትቀመጥ ሳታስብ ትገባለች፤ በአባቷ ቦታ ስትቀመጥ የአባቷን ጀግና፣ ያን ዝግተኛ ጋሻ ያዥ፣ ከፊት አቁማ ታስመታዋለች፤ ከዚያ በራሷ ቦታ ተመልሳ ሁለቱንም ታክማለች። አንዳንዴ ይሳካል፤ ብዙ ጊዜ አይሳካም። አምስት ካርታ አውጥታ አምስት ታስገባለች፤ መልሳ ያወጣቻቸውን ታስገባለች። ሐሳቡ ሥራ ቦታም ተከትሏት ሄደ። አንድ ቀን የመታጠቢያ ቤት በር መስታወት ላይ ማስመሪያውን አስደግፋ መቁረጫውን እየሳበች፣ ሁለት መከታ ባወጣና አንድ ትልቅ ፈውስ ብጨምርስ ስትል፣ ከተሳሳተው የምልክት መስመር ላይ ሳበችው። መስታወቱ ጥርት ብሎ ተሰበረ፤ ግን በማይፈለግበት በኩል። ባለሱቁ መጥቶ አየው፤ እሷን አየ፤ ምንም ሳይል ወጣ። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

ትልቁን ፈውስ ግን ያን ዕለት አስገባችው። ትንንሾቹ ፈውሶች የሚሠሩት ታካሚው ተጫዋች እሺ ካለ ብቻ ነው፤ የጨዋታው ሕግ እንደዚያ ይላል። ትልቁ ግን ማንንም አይጠይቅም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጀግና ሁሉ፣ ቁስሉ የቱንም ያህል ቢሆን፣ በአንድ ጊዜ ድኖ እንዲነሣ ያደርጋል። ዋጋው ውድ ነው፤ ጨዋታውን ሙሉ ስንቅ እየቆጠቡ ነው የሚያወጡት። በንጉሡ ፊት ሁለቱም ሊሞቱ ሲሉ አወጣዋለሁ ብላ ወሰነች። ሐሳቡ ልቧን ሞላው።

እሑድ ሲደርስ ቀድማ ሄደች። ለአባቷ አንድ ነገር ሠርታላቸው ነበር፤ ከሱቁ የአሉሚንየም ቁራጭ ላይ ቦይ አውጥታ፣ ጠርዙን ሞርዳ አለስልሳ፣ ካርታ የሚቆምበት መደገፊያ። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ካርታው ከሚወድቅባቸው እዚያ ላይ ይሰኩታል ብላ ነው። አባቷ ተቀብለው አገላብጠው አዩት፤ ሥራው ያምራል አሉ፤ አመሰገኑ፤ ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ጥግ ገፋ አድርገው ካርታቸውን በእጃቸው ያዙ። ፍሬኑ ሲመጣ "ይኼማ የኔ ነው" ብሎ ወሰደው፤ ካርታውን ሰክቶ፣ ነፃ በወጣው እጁ ለውዝ መፈልፈል ጀመረ። ቆራጯ ጥርሷን ነከሰች።

አባቷ የዚያን ቀን ጀግናቸውን ለውጠው ነበር። ጋሻ ያዡ ቀርቶ፣ ፊቱ ከጆሮው እስከ አገጩ የተተለተለ፣ አንድ ዓይኑ የፈሰሰ ጎራዴኛ ከፊታቸው ተቀምጧል። ስሙ ባለ ጠባሳው ነው። ፍሬኑ አይቶት ሳቀ፤ አባባ ከየት አመጧት ይቺን ውበት አለ። አባቷ ጣታቸውን ካርታው ላይ አሳርፈው፣

"ይኼ ሰውዬ…" አሉ፤ ትንሽ ቆዩ። "ይኼ ሰውዬ ሲቆስል…"

"ሲቆስል እኔ አለሁ፣ አባባ" አለች ቆራጯ ቀበል አድርጋ። "ምንም አያስቡ፣ ሳምንቱን ሙሉ ለዚሁ ነው የተሰናዳሁት።"

አባቷ ልጃቸውን አዩ። ከንፈራቸው ትንሽ እንደተከፈተ ቆየና ገጠመ። ፍሬኑ የጠላቱን ክምር መበወዝ ጀምሯል።

ጨዋታው እንደ ወትሮው ጀመረ። ፍሬኑ በመጀመሪያው በር ዘሎ ገባና ሁለት ተኩላ ነከሰው፤ ቆራጯ የምንጭ ውኃ አፈሰሰችለት። ባለ ጠባሳው በድልድዩ መደርመስ ቆሰለ፤ ለእሱም ልታፈስ ካርታዋን ስታወጣ አባቷ "ለእኔ ይቅር" አሉ። እንዲያው ይሉኝታ ነው ብላ ነው የተረዳችው። አባቷ ከዘራም ይቅርብኝ ያሉ፣ የጫማቸውን ክር ላስርልዎ ቢሏቸው ይቅር ያሉ ሰው ናቸው። ግድ የለም አባባ፣ ይውሰዱ፣ ይውሰዱ እያለች ካርታውን ፊታቸው አስቀመጠችላቸው። ዝም አሉ። ዝምታቸውን እሺታ አድርጋ ቆጠረችው። በሚቀጥለው ዙርም እንደዚያው አደረገች። ሦስተኛው ላይ ግን ካርታዋን በመዳፋቸው ገፍተው መለሱት፤ "አልፈልግም" አሉ፤ ይኼኛው ቃል መሀል ላይ አልቆመም።

ተከፋች። ፍሬኑ ደግሞ ወዲያ፣ እሳቸው ካልፈለጉ ለእኔ ስጪኝ ይላል። ስንቋን ለትልቁ ፈውስ እየቆጠበች፣ በሌላው እጇ ወንድሟን ከሞት እያወጣች፣ ባለ ጠባሳው ቁስል በቁስል ሲሆን እያየች ቀጠለች። አባቷ በመሀል አንድ ግዙፍ ጭራቅ በአንድ ምት ሲጥሉ ጥሩ ጎራዴ የመዘዙ መሰላት፤ ልብ ብላ አላየችውም። ዓይኗ ሁሉ ጀግናቸው በቀረው የነፍስ ቁጥር ላይ ነበር። አሥር የነበረው አራት ሆነ፤ ሦስት ሆነ፤ ሁለት ሆነ።

የአመዱ ንጉሥ ወጣ። ፍሬኑ ሁለቱንም ሰይፍ መዝዞ ገጨው፤ ግማሽ ጉልበቱን አወረደለት፤ እሱም በአጸፋው ሊሞት አንድ ጭረት ቀረው። ተራው የአባቷ ሊሆን ነው። ከእሳቸው ተራ በፊት ደጋፊው አንድ ካርታ ማውጣት ይፈቀድለታል። ቆራጯ ይኼን ቅጽበት ነበር ሳምንቱን ሙሉ የጠበቀችው። የቆጠበችውን ስንቅ በሙሉ ከፍላ ትልቁን ፈውስ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ፍሬኑ አጨበጨበ። ሁሉም ጀግና ዳነ።

አባቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ጎራዴኛቸውን ወደ ንጉሡ ገፋ አደረጉትና፣

"ሁለት" አሉ።

ፍሬኑ ሁለት ምን አለ። የምመታው አሉ አባቱ፣ ሁለት። ፍሬኑ ንጉሡ ገና ዘጠኝ እንዳለው እያሳየ፣ ይኼን የመሰለ ደካማ ሰው ከየት እንዳመጡት ጠየቀ። ንጉሡ ተራው ሲደርስ አመዱን አዘነበ፤ ቀጥሎ ባለው ዙርም ደገመው፤ ሦስቱም አለቁ።

ቆራጯ እጇ ላይ የቀረውን ካርታ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ጥቂቱ ወለሉ ላይ ተበተነ።

"ሳምንቱን ሙሉ ለእናንተ ስል መሬት ላይ ተንበርክኬ ካርታ ስለቅም ሰነበትኩ" አለች። "አንዱ አይጠብቀኝም፣ ሌላው አይቀበለኝም። ከእንግዲህ ቁስላችሁን ራሳችሁ እሰሩ።"

ተነሥታ ወደ በረንዳ ወጣች፤ የአባቷ ልብስ እዚያ ተሰጥቶ ነበር። የምታደርገው ብታጣ ማጣጠፍ ጀመረች፤ ሸሚዙን አጣጠፈች፤ እጅጌው አልተስተካከለም ብላ ፈታችው፤ እንደገና አጣጠፈች። ከሥር መንገዱ ላይ አንድ ሰው ማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ ባዶ ጠርሙስ እየጎተተ ያልፋል። ከኋላዋ የሚጎተት ጫማ ሰማች። አልዞረችም። አባቷ አጠገቧ መጥተው የበረንዳውን ብረት ያዙ፤ በሌላው እጃቸው ባለ ጠባሳውን ይዘዋል፤ እሱም ከእጃቸው ጋር ይንቀጠቀጣል።

"ልነግርሽ… ጀምሬ ነበር" አሉ። ረጅም ጊዜ አለፈ። "አንቺ… ጨረስሽልኝ።"

ባትናደድ ኖሮ ይኼንንም ትጨርስላቸው ነበር።

"ሁልጊዜ ትጨርሺልኛለሽ። አንዳንዴ… ልክ ነሽ። ብዙ ጊዜ ግን… ልል የፈለግኩት… ሌላ ነው።"

ካርታውን ዘረጉላት። ከሥዕሉ ግርጌ በደቃቅ ፊደል አንድ መስመር ተጽፏል፤ ባለ ጠባሳው በሰውነቱ ላይ ባለው በእያንዳንዱ ቁስል ልክ ምቱ ይጨምራል ይላል። ያልቆሰለ ባለ ጠባሳ የሚመታው ሁለት ነው። ሁለት ነፍስ ብቻ የቀረው ባለ ጠባሳ ግን የሚመታው አሥር ነው። ንጉሡ ዘጠኝ ነበረው።

ቆራጯ መስመሩን ደጋግማ አነበበችው። ኀፍረት ሊሰማት ይገባ ነበር፤ ቀድሞ የመጣው ግን ሌላ ብስጭት ነው። ታዲያ ለምን አልጮሁም፣ ለምን እጄን አልያዙኝም አለቻቸው። ካለች በኋላ ነው የተናገረችውን የሰማችው። እኚህ ሰው አንድ ጊዜ ሙሉ አውቶቡስ ተሳፋሪ ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ እያሉ በአንድ ድምፅ የሚያስጠጉ ነበሩ፤ አሁን ግን ከወጥ ቤት እስከ ሳሎን የሚሰማ ድምፅ የላቸውም። እሳቸውም ያን አላሏትም። የተጣጠፈውን ሸሚዝ አንሥተው ወደ ውስጥ ገቡ።

ረቡዕ ከሥራ ስትወጣ ሳጥኑን ይዛ ወደ አባቷ ቤት ሄደች። ጥቅሉን አፍርሳ ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋችውና ምን እንደሚፈልጉ ጠየቀቻቸው። የጠየቀችው ቀላል ነበር፤ መልሱን መጠበቅ ነው የከበደው። አባቷ አንድ ካርታ ያነሣሉ፣ ያዩታል፣ ያስቀምጡታል፣ መልሰው ያነሡታል። መናገር ይጀምሩና መሀል ላይ ይቆማሉ። የቆራጯ ምላስ ጥርሷ ጀርባ ሆኖ ይተራመሳል። እንዳትናገር ብላ ተነሥታ ብርጭቆ አጠበች፤ ንጹሕ ብርጭቆ ነበር። ጨርቁን አጠበች። መስኮቱን ወለወለች። ስትመለስ አባቷ ገና ያንኑ ዓረፍተ ነገር ሊጨርሱ ሲሉ ደረሰች፤ ስትሰማው ደግሞ እሷ በልቧ ከጨረሰችው ጋር አይገናኝም።

ፈውስ አልፈለጉም። የፈለጉት ከፊታቸው ቆሞ የመጨረሻውን ምት የሚቀበልላቸው መከታ ነው፤ አንድ ነፍስ ሲቀራቸው ለአንድ ዙር ከሞት የሚያቆያቸው "የመጨረሻ ትንፋሽ" የሚባል ካርታ ነው፤ ከእሷ እጅ ወደ እሳቸው እጅ ካርታ የሚያሻግር ነገር ነው። እሷ ሳታውቅ ብዙ አስበውበታል። እዚህ ድረስ ተስማሙ። ከዚያ አንዲት በቅሎ አነሡ። ካርታዋ ላይ ጆሮዋን የጣለች በቅሎ ስንቅ ተጭና ወንዝ ዳር ቆማለች። ቆራጯ በቅሎዋ ከምታመጣው የምትበላው እንደሚበልጥ አስረዳች። አባቷ "ትግባ" አሉ። አትረባም አለች። "ትግባ።" ለምን ብላ ጠየቀች፤ እስኪመልሱ ጠበቀች፤ መልሱ ሥዕሏ ደስ ይለኛል የሚል ነበር። ለዚህ ነው እንዴ ይኼን ሁሉ የጠበቅኩት ብላ ተንጨረጨረች፤ በእውነትም ተኳረፉ። በቅሎዋ ግን ገባች።

ሁለቱን የምንጭ ውኃ ለፍሬኑ መለሰችለት፤ ራስህ አፍስ አለችው። እኔን ማን ይፈውሰኛል ብሎ ስልኩ ላይ ጮኸ። ለተማሪዎችህ የምትነግራቸውን ለራስህ ንገረው አለችውና ቀድማ ዘጋች። ትንሽ ቀለል አላት።

የሚቀጥለው እሑድ ካለፈው ያነሰ አላበሳጫትም። ፍሬኑ በሩ ሲከፈት ሊዘል ተነሣና ቆራጯን አየ፤ ፈውስ እንደሌላት አስታወሰ፤ አኩርፎ ከኋላ ቆመ። ለውዙን እየፈለፈለ፣ ቆሜ ልሙት እንግዲህ ይል ነበር። በቅሎዋ ስንቅ በጠፋበት፣ መከታ በሚያስፈልግበት ሰዓት ተመዘዘች፤ ቆራጯ ካርታውን ሥዕሉ ወደ አባቷ እንዲዞር አድርጋ አስቀመጠችው። አባቷም በቅሎዋን አይተው ፈገግ አሉ እንጂ አላፈሩም።

የአመዱ ንጉሥ ሲወጣ ባለ ጠባሳው ቁስል ብቻ ሆኗል። አንድ ነፍስ ቀርታዋለች። ንጉሡ እጁን ሲያነሣ ቆራጯ የራሷን ጀግና፣ ነጭ ካባ የለበሰችውን ደጋፊ፣ ከፊቱ አቆመች፤ ምቱን ተቀበለች፤ ሞተች። ሕጉ የሞተ ሰው አይመክርም ይላል። ከዚያ ወዲያ ለቆራጯ የቀረላት መቀመጥ ብቻ ነው።

አባቷ ተራቸው ሲሆን እጃቸው ከመቼውም ይበልጥ ተንቀጠቀጠና ካርታቸው ወለል ላይ ወደቀ። ፍሬኑ ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ቆራጯ በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው። አባቷ ወንበራቸውን ገፉ፤ ጠረጴዛውን ተደግፈው ወረዱ፤ አንድ በአንድ ለቀሙ። ለመነሣት የፈጀባቸው ጊዜ ለቆራጯ ሳምንት መሰላት። ተቀመጡና ካርታውን አዩ። ከተቀመጠችበት ሆና ካርታቸው ይታያታል። መጀመሪያ የመጨረሻ ትንፋሽን አውጥተው መመከት፣ በሚቀጥለው ዙር መምታት ነበረባቸው፤ ለእሷ እንደ ፀሐይ ግልጽ ነው። አባቷ ግን ጣታቸውን ከዚያ ካርታ ላይ አንሥተው ወደ ጎራዴው ወሰዱት። አፏን በእጇ ያዘች።

"አሁን ነው" አሉ አባቷ። ጎራዴኛውን ገፉት። "አሥራ አንድ።"

ንጉሡ አሥራ አንድ ነበረው።

ፍሬኑ ወንበሩን ገልብጦ ተነሣ፤ አባቱን ግንባራቸውን ሳማቸው፤ ለውዙ በየቦታው ተዘራ። ሁሉን ነገር ከኋላ ሆኜ የያዝኩት እኔ ነኝ አለ፤ ደግሞም አለ፤ ለሚስቱ ስልክ ደውሎ እኔ ባልታገሥ ኖሮ እያለ ነገራት። ደጋፊዋን ማንም አላነሣት። ቆራጯ ደስ ብሏታል፤ ግን አሁንም በልቧ ያንን የመጨረሻ ተራ ደጋግማ ትጫወተዋለች፤ የእሷም መንገድ ያሸንፍ ነበር፤ ያውም ያለ ሥጋት። ለአባቷ ልትነግራቸው ፈልጋ ተወችው።

ፍሬኑ ልጆቹን ሊያመጣ ቸኩሎ ወጣ። ቆራጯ ቦርሳዋን አነሣች። አባቷ ግን ሳጥኑን ከፍተው የጠላቱን ካርታ ጠረጴዛው ላይ እያፈሰሱ ነው። ለሁለት ሰው የሚሆን አጭር ምዕራፍ አለ አሉ፤ ቀስ ብለው፣ እስከ መጨረሻው ተናገሩት። ጥቅሉን በሁለት እጅ ከፍለው መበወዝ ካቆሙ ቆይተዋል። ካርታውን በሙሉ ፊቱን ወደ ታች ዘርግተው፣ ሁለት መዳፋቸውን ላዩ ላይ አሳርፈው፣ ሊጥ እንደሚያሽ ሰው ያዞሩት ጀመር። የእጃቸው መንቀጥቀጥ ለዚህ ሥራ እንዲያውም ይመቻል፤ ካርታው በራሱ እየተንሸራተተ ይደባለቃል። አንዳንዱ ተገልብጦ ፊቱ ይወጣል፤ ያኔ ቆም ብለው ያንኑ ይመልሱታል፤ ከዚያ እንደገና ያዞራሉ። እሷ ብትይዘው ወዲያው ያልቃል። ነገ ጠዋት የሚቆረጥ ብዙ መስታወት አለባት፤ የምትሳፈርበትም አውቶቡስ መሄጃው ደርሷል። ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠችና ወንበሯን ጠጋ አደረገች።